ለአንድ ቤተሰብ የተፈቀደ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ እታገኘሁ፣
ናይሮቢ

የምሕረት አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ። እኛ ከእኔ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አየር መንገድ የሚሠራው የጎረቤቴ ልጅ ሔኖክ ነው። መልስሽንም ለእሱ ስጪልኝ። ስልክ አልወድም፤ የማወራውን ትቼ ደቂቃውን ስቆጥር ሐሳቤ ይበተናል።

አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ናቸው እየተባልን ብናድግም፣ እኔና አንቺ የተገናኘነው በለቅሶና በሠርግ ብቻ ነው። ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼ ዛሬ ለጉዳይ ስጽፍልሽ አፍሬ ነው። ጉዳዩ የልጄ የናፍቆት ነው። አምና ሚልኬሳ የሚባል ካናዳ የሚኖር ልጅ አግብታለች። ጨዋ ልጅ ነው፣ ቤተሰቡንም አውቃለሁ። ሊወስዳት ማመልከቻ አስገብቷል፤ ኤምባሲው ቃለ መጠይቁን የሚያደርገው ግን እዚያው ናይሮቢ ነው። ሦስት ወር ይፈጃል ብለውናል። እነዚያን ሦስት ወራት ካንቺ ጋር ትቀመጥልኝ። ቤትሽ ሰው እየከፈለ እንደሚያርፍ ሰምቻለሁ፤ እሷም እንደ ሌላው ትከፍላለች።

ልጅቷ ዝምተኛ ናት። ሲከፋት አትናገርም፣ ዕቃ ታጥባለች። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ ባየሽ ጊዜ ደስ ያላት እንዳይመስልሽ ነው።

ወንድምሽ ሀብተወልድ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ሀብተወልድ

ለጉልበትዎ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጥልኝ። እኔ ደረጃ መውጣት ከማድከሙ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት በሰላም ገብታለች። ሔኖክ እስከ በሩ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ አደረሰልኝ።

ክፍያ ያሉትን ነገር ለሁለተኛ ጊዜ እንዳያነሱብኝ። የአያቶቻችንን እናት ዘር አስከፍዬ የት እገባለሁ?

ቤቴን ስለማያውቁት ልንገርዎት። ላቪንግተን በሚባል ሰፈር ለአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ አሥራ አራት ዓመት ምግብ አብስያለሁ። እነሱ ወዳገራቸው ሲመለሱ ይህን ባለ ሦስት መኝታ ቤት ተከራየሁ። ሕንፃው ሃያ አራት ቤት አለው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። መጀመሪያ ለሕክምና የመጣች አንዲት የጎጃም ሴት ማደሪያ አጥታ አሳደርኳት። እሷ ስትሄድ ለሌላ ነገረች። አሁን ከእኔ ጋር ሰባት ነን። አስካለ እናቷን ለዓይን ሕክምና ይዛ መጥታለች። አብዱልፈታ ከሞያሌ ዕቃ እያመጣ እዚህ ኢስትሊ ገበያ የሚያራግፍ ነጋዴ ነው፤ በወር ሦስት ሌሊት ያድራል። ሌሎቹ እንደ ናፍቆት ወረቀት የሚጠብቁ ናቸው። እዚህ ከተማ የሐበሻ ግማሹ በመጠበቅ ነው የሚኖረው።

ናፍቆትን ከእኔ ጋር አንድ ክፍል አስተኝቻታለሁ።

እህትዎ እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 3 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ

ዘመንሽን ያርዝምልኝ፤ ላደረግሽው ሁሉ ምስጋና ማቅረብ እንኳ አቅቶኛል። ሦስት ወር ያልኩሽ ሰባት ወር ሆነ። ናፍቆት ስትደውል «ፋይሉ ገና ነው» ትለኛለች፤ እናቷ ደግሞ እኔ የደበቅኳት ነገር ያለ ይመስል ፊቴን ታየኛለች። እኔም የማውቀው ያንኑ ነው።

እስከ መስከረም መልስ ካልመጣ ልጄ ትመለስልኝ። እዚህ ሆና መጠበቅ ትችላለች። ያንቺን አልጋ ይዛ ዓመት ማስቆጠሯ ከብዶኛል። ስለዚህ ነገር በዘዴ አነጋግሪልኝ።

ሀብተወልድ


ናይሮቢ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተወልድ

እንደምን ሰነበቱ። የልጅዎን ነገር ከመጻፌ በፊት የራሴን ጭንቀት ልናገር፤ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ሃያ ስምንት ዓመት በቤቶች መሥሪያ ቤት የሠሩ ሰው ነዎት፣ ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው ዘመድ የለኝም።

ባለፈው ሰኞ የቤቴ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ናፍቆት አነበበችልኝ። ከከተማው ምክር ቤት የፕላን ክፍል ነው። ሕንፃው «እያንዳንዱ ቤት ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ» ተብሎ የተፈቀደ ስለሆነ፣ የእኔን ቤት ለእንግዳ ማሳደሪያ ማዋሌ ያለፈቃድ የአገልግሎት ለውጥ ነው ይላል። ወይ አቁሚ፣ ወይ ቀርበሽ መልስ ስጪ ነው ነገሩ።

ክሱን ያቀረበችው ባዳ አይደለችም። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘኪያ ናት፤ የሞያሌ ልጅ፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት የምትኖር። እውነቱን ልናገርና ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ባሏ ግማሽ አካሉ አይንቀሳቀስም። ውኃ በጣሪያው ጋን ተሞልቶ ለፎቁ ሁሉ ይከፋፈላል፤ የእኔ ቤት ሰባት ሰው ታጥቦ ሲጨርስ እሷ ዘንድ ጠብ አይልም። ሁለት ጊዜ ነግራኛለች። ሁለቱንም ጊዜ እሺ ብያት፣ በሳምንቱ ደግሞ አንድ የታመመ ሰው በሬን አንኳኳ። ምን ላድርግ?

እዚህ የሚያውቁ ሰዎች አንድ መላ ነግረውኛል። ሕጉ «ቤተሰብ» ሲል የቁጥር ገደብ አላስቀመጠም አሉ። ስለዚህ በቤቴ ያሉት ሁሉ ዘመዶቼ መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ካቀረብኩ ቤቱ መኖሪያ እንጂ ማሳደሪያ አይባልም። እርስዎ የቤተ ዘመዱ ጉባኤ ሰብሳቢ ነዎት። የሰባታችንን ስም ጽፈው፣ ፈርመውና ማኅተም አድርገው፣ በእንግሊዝኛ አስተርጉመው ቢልኩልኝ ነፍሴን ያድኗታል። ስሞቹን በሌላ ወረቀት አድርጌያለሁ።

ስለ ናፍቆት፦ አነጋግራታለሁ።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ

ሰላምሽን ያብዛው። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከዚያ የማልችለውን።

አገር ቢለያይም የቤት ሕግ ጠባዩ አንድ ነው። ሕግ ቤቱን አያይም፣ የሚሠራበትን ያያል። እኛ ለምርመራ ስንወጣ ሦስት ነገር እንጠይቅ ነበር። ቁልፉ በስንት ሰው እጅ አለ? ከአንድ ድስት ይበላሉ ወይስ እያንዳንዱ ለብቻው? የሚያድረው ሰው የሚሄድበት ቀን ይታወቃል ወይ? የመሄጃው ቀን የታወቀ ሰው እንግዳ ነው፣ ያልታወቀ ነዋሪ ነው። አብዱልፈታ ያልሽው ሰው ይጥልሻል። እሱን ቶሎ ሌላ ቦታ አሳርፊው። የቀሩት በአንድ ገበታ የሚበሉ ከሆነ ይህንኑ ተናገሪ። ውሉንም ፈልገሽ አስነብቢ፤ «መኖሪያ» ብቻ ይላል ወይስ «ለአንድ ቤተሰብ»?

አሁን የማልችለው። በ1972 ዓ.ም. አራት ኪሎ አካባቢ የውብዳር የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በአንድ ሳሎን አምስት ተማሪ ታሳድራለች ተብሎ ተጠቆመባት። ሄጄ ቆጠርኩ። አምስት ፍራሽ አየሁ። ልጆቹ ልብሳቸውን ሳይቀር እሷ ታጥብላቸው ነበር፤ አንዱ «እትዬ» ሲላት ሰምቻለሁ። በመዝገቡ ግን «መኖሪያ» እና «ንግድ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ ነበሩ። ንግድ ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ቤቱን ተነጠቀች። ስታለቅስ አላየኋትም። ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ያኔ የጻፍኩት እውነት ነበር፤ ሰው ግን ጎዳ። ከዚያ በኋላ ለራሴ የቀረኝ ሐሰት አለመፈረሜ ብቻ ነው። ያንን ካጣሁ የውብዳርን በምን አፌ አነሣታለሁ? የማላውቃቸውን ሰዎች ዘመዶቼ ናቸው ብዬ መፈረም አልችልም። ተቀየሚኝ፤ መብትሽ ነው።

መስከረም እየደረሰ ነው። ናፍቆት መቼ ትመጣለች?

ሀብተወልድ


ናይሮቢ፣ ጥቅምት 30 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተወልድ

እንደምን አሉ። አልተቀየምኩም። ትንሽ ተቀይሜ ነበር፣ አሁን ትቼዋለሁ።

ካንጆዎቹ፣ የምክር ቤቱን ሰዎች እዚህ እንዲህ ነው የሚሏቸው፣ ጧት መጥተው ፍራሽ ቆጠሩ። ጨዋዎች ነበሩ። አንዱ የአስካለን እናት ደግፎ ከአልጋው አስነሥቶ ከቆጠረ በኋላ መልሶ አስተኛቸው። አብዱልፈታ ወጥቷል። ሌላ ሰው ግን አስወጥቼ የት ልጣል? ቀጠሮው ለየካቲት ነው። ውሉ «ለአንድ ቤተሰብ» ይላል።

ናፍቆት ደህና ናት። ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር አንድ የካርጎ ድርጅት ውስጥ ጽሕፈት ሥራ አግኝታለች። ጧት ማታቱ በሚሉት ታክሲ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ስዋሂሊውን ከእኔ በለጠች። ከሥራ ስትመጣ ዕቃ ሁሉ ታጥባለች።

ልጠይቅዎት ብዬ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ ነበር። ፋይሉ ሳያልቅ ብትመለስ፣ ቤቱ እንዴት አድርጎ ይቀበላታል? ሰፈሩስ? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ

ከጤናሽ ጋር ለበዓሉ ያድርስሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። ሔኖክ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ጋሼ የሚሰጡኝ አለ?» ብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል።

ከዚህ ጋር የቤተ ዘመድ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ታገኛለሽ። የሰባታችሁም ስም አለበት። ሦስት ሽማግሌ ፈርሞበታል፣ እኔም ፈርሜያለሁ። በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። የአስካለን እናት የአያታችን የእህት ልጅ አድርጌአቸዋለሁ። አብዱልፈታን እንኳ ሳልረሳው በጋብቻ አስገብቼዋለሁ፤ መውጣቱን የነገርሽኝ ስሙን ከጻፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሳያነቡ ፈረሙ። እኔ ግን አንብቤ ነው የፈረምኩት።

ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ አትጠይቂኝ። ቤትሽ እንዳይዘጋ ብቻ ነው የምፈልገው።

ናፍቆትን አትላኪያት። መስከረም ያልኩትን ተይው። እዚያው ትጠብቅ። የሚያስፈልጋት ነገር ካለ ጻፊልኝ፤ ብቻ አትላኪያት።

ሀብተወልድ


ናይሮቢ፣ የካቲት 26 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሼ ሀብተወልድ

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። ይህ ረጅም ደብዳቤ ነው፤ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ማክሰኞ ቀረብን። ከተማ መሀል፣ የምክር ቤቱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ። ነገሩን የሚሰሙት ሹም መነጽር ያደረጉ፣ ዕድሜያቸው ከእኔ የሚበልጥ ሴት ናቸው። ከእኛ በፊት ዘጠኝ ጉዳይ ሰምተው ድምፃቸው ሁሉ ደክሟል። የላኩልኝን ወረቀት በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። ናፍቆት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ በአስተርጓሚነት አጠገቤ ተቀምጣለች።

መጀመሪያ ወይዘሮ ዘኪያን ጠየቋት።

«ጎረቤትሽ ሆቴል ከፍታለች ነው የምትዪው?»

«ሆቴል አላልኩም» አለች ዘኪያ። «ሆቴል ብትከፍት ኖሮ ትርፍ ታገኝ ነበር። ይህች ሴት ያተረፈችው ድካም ነው። ግን ባለቤቴን በቀን ሁለት ጊዜ ማጠብ አለብኝ። ውኃው አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። እኔስ በምን ልጠበው?»

ይህን ስትል ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

ሹሟ ወደ ናፍቆት ዞሩ። እጇን አንሥታ እንድትምል ካደረጉ በኋላ፣

«ወይዘሮ እታገኘሁ ምንሽ ናት?» አሏት።

«አክስቴ።»

«ሌሎቹስ? ዋጌኒ ናቸው ወይስ ንዱጉ?» እንግዶች ናቸው ወይስ ወንድሞች ማለታቸው ነው።

ናፍቆት ቦርሳዬን አየች። ወረቀቱ እዚያ እንዳለ ታውቃለች፤ የአባቷን ፊርማም ታውቃለች። አፏን ስትከፍት ልትዋሽልኝ እንደሆነ ገባኝ። ጋሼ፣ እኔ ብዋሽ አርጅቻለሁ፣ ንስሐ እገባለሁ። ይህች ልጅ ግን በሰው አገር መዝገብ ላይ ምላ፣ ሐሰት ተናግራ፣ ያውም ለእኔ ፍራሽ ብላ? ተነሣሁ።

«ልጅቷን ተዉልኝ» አልኩ በሚሰባበር ስዋሂሊዬ። «ዋጌኒ ናቸው። ይመጣሉ፣ ያድራሉ፣ ይከፍላሉ፣ ይሄዳሉ። የማይከፍሉም አሉ። እሷ ብቻ ናት ዘመዴ።»

ሹሟ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹና፣ «ይህን የምትናገሪው በክሱ እንደምትሸነፊበት አውቀሽ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ቀኑን ሙሉ እዚህ የቀረበው ሰው ሁሉ ሃያ ወንድም አለው» አሉና ጻፉ።

ውሳኔው ይህ ነው። ቤቱ የተፈቀደው ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ነው፤ ለማሳደሪያ ማዋል ክልክል ነው። እንግዶቹ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይወጣሉ። እኔና ናፍቆት ግን ቤተሰብ ነን፣ መቀመጥ እንችላለን። ቅጣት አልጣሉብኝም።

ደረጃው ላይ ዘኪያ ደረሰችብኝ። ኢስትሊ ፈቃድ ያለው ማረፊያ ያላቸው ሰዎች አውቃለሁ፣ ምድር ቤት ክፍል አላቸው፣ ለአስካለና ለእናቷ እነግርልሻለሁ አለችኝ። ቃሏንም ጠበቀች፤ ትናንት ሄዱ። የአስካለ እናት በሩ ላይ ቆመው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። ዛሬ ጧት ውኃው እስከ አራት ሰዓት ወርዷል።

አሁን የደበቅኩትን ልናገር።

ሚልኬሳ ልጅዎን ትቷታል። ማመልከቻውን መሰረዙን ኤምባሲው የነገራት ጳጉሜን 1998 ዓ.ም. ላይ ነው። እሱ ራሱ አንድ ቃል አልጻፈላትም። እኔ ያወቅሁት በዚያው ሳምንት ነው። «አባቴ እንዳይሰማ፣ በእሱ ዕድሜ ይህን አይችለውም» ብላ አስማለችኝ። ለዚህ ነው በጥቅምት እንደዚያ አድርጌ የጠየቅኩዎት። ስድስት ወር ሙሉ የሌለ ፋይል እየጠበቀች እንደሆነ አድርገን ኖርን። እሷ ኢምባካሲ እየሠራች፣ እኔ ፍራሽ እያነጠፍኩ። እዚያ ክፍል እውነት ከተናገርኩ በኋላ ግን ይህን መሸከም አልቻልኩም። ስጽፍልዎት ታውቃለች። አልከለከለችኝም።

ከእንግዲህ የቤት ኪራዩን እኩል ለመክፈል ተስማምተናል። ደመወዟ ይበቃታል። ልጅዎን አልጎዳኋትም ብዬ አስባለሁ። እርስዎን ግን ዋሽቻለሁ።

ያንን ወረቀት ማንም አላየውም።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ

ፈጣሪ እንዳንቺ ያለውን አያሳጣኝ። ደብዳቤሽን ቁጭ ብለው ያንብቡት ባልሽኝ መሠረት ተቀምጬ አነበብኩት። ሳነብ እናቷ አጠገቤ ነበረች። ጨርሼ ሰጠኋት። አንብባ መልሳ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

እኔም የደበቅኩሽ አለ። የሚልኬሳ ደብዳቤ የደረሰኝ በኅዳር ነው። ለአባት መጻፍ ይቀለኛል ብሎ ነው መሰለኝ ለእሷ ያልጻፈውን ለእኔ ጻፈው። ሌላ ትዳር ይዣለሁ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። በትህትና የተጻፈ ነው፤ እንዲያውም ትህትናው ነው ያቃጠለኝ። ለእናቷ አልነገርኳትም። ናፍቆት አታውቅም ብዬ አሰብኩ። ተመለሽ ብላት እዚህ አስፋልቱን ሳትሻገር ትሰማለች፤ ባሏ የመለሳት እየተባለች በዚህ ሰፈር ስትወጣ ስትገባ ታየኝ። እዚያ ካለች ቢያንስ የምትጠብቀው ነገር አላት አልኩ። እንድትጠብቅ ደግሞ ቤትሽ እንዳይዘጋ ያስፈልጋል። ለዚያ ብዬ ነው የፈረምኩት። እሷ ለእኔ፣ እኔ ለእሷ፣ አንቺ ለሁለታችን፤ ሦስታችንም አንዱን ነገር ስንሸሸግ ከረምን።

ለሹሟ ስትመልሺ የሆነውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በሃያ ስምንት ዓመት ሥራዬ፣ ፊቴ ቆሞ በራሱ ላይ እውነት የመሰከረ ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ አይቻለሁ። ሁለቱም አልተጠቀሙበትም። አንቺም አልተጠቀምሽም። ልጄ ግን የዚያን ቀን ሐሰት ከመናገር ተርፋለች፤ ይህንን አባቷ አላደረገላትም።

ሳትልኪ እዚያው ቅደጂልኝ፣ ያንን ቃለ ጉባኤ። ለሽማግሌዎቹ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ከሰብሳቢነቱም እወርዳለሁ፤ ሌላ ሰው ይያዘው።

ለናፍቆት የምለው እዚህ ላይ ነው፤ አንብቢላት ወይም ራሷ ታንብበው። ልጄ፣ ለአዲሱ ሺህ ዓመት በዓል ሰው ሁሉ ከየአገሩ ይመጣል እየተባለ ነው። አንቺም ነይ። ከሥራሽ ሁለት ሳምንት ጠይቂ። እናትሽ ልታይሽ ትፈልጋለች፤ እኔም። ስትመጪ የመመለሻውን ትኬት አብረሽ ቁረጪ። ሰፈሩ ከጠየቀኝ፣ ልጄ ለበዓል መጥታ ነው፣ ቤቷ ናይሮቢ ነው እላለሁ።

ሀብተወልድ